ያንጠባጥብ፣ ተዉት!

ወንድማችን ከደቡብ አፍሪካ በደወለ ቁጥር ሦስት ነገር ይጠይቃል። እማዬ ደህና ናት? ዝናቡ እንዴት ነው? ቦይለሩ ይሠራል? እኛም በቃላችን የያዝነውን መልስ እንሰጠዋለን። ደህና ናት፤ ይዘንባል፤ ይሠራል። ከዚያ ስልኩን ለእናታችን እናቀብላለን።

ባለፈው ክረምት ግን ሦስተኛው ጥያቄ ጉሮሯችን ላይ ቆመ። ቦይለሩ ይሠራል፤ ውሃውም ይሞቃል። ነገር ግን እናታችንን ሊገድልብን ነበር። ይህ በስልክ እንዴት ይነገራል?

ነገሩ ወዲህ ነው።

ጊምቢቹ ሲባል የምሥራቅ ሸዋው ወረዳ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ እሱን ማለታችን አይደለም። የእኛዋ ጊምቢቹ ከሆሳዕና ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለችው፣ በሀድያ ዞን የሶሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሀድያና ከከምባታ ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ አገር ያወቀው ነው። እዚህ አዲስ ግንብ ቤት አይታችሁ «የማን ነው?» ብትሉ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ «ልጇ ጆበርግ ነው» የሚል ነው። የእኛም ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። ወንድማችን ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ውስጥ እየዋለና እያደረ፣ ብሎኬቱን፣ ከዚያ ቆርቆሮውን፣ ከዚያ ሴራሚኩን በዓመት በዓመቱ ላከ። መጨረሻ ላይ የመጣው ቦይለሩ ነው።

ቦይለር ስንል ፈረንጅ አገር ሙሉ ቤት የሚያሞቀውን ምድጃ አይደለም። ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን፣ ባለ 50 ሊትር ነጭ በርሜል ነው። ከቦይለሩ በፊት ገላችንን የምንታጠበው እንደማንኛውም ሰው ነበር። ውሃ በትልቅ ድስት ይጣዳል፣ ባልዲ ውስጥ በቀዝቃዛ ይበረዳል፣ በጆግ ይቀዳል። እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ውሃ ስታሞቅ ኖራለች፤ ለአባታችን የእግር ውሃ፣ ለእንግዳ፣ ለአራስ፣ ለእኛ። አሁን ጉልበቷን ቁርጥማት ይዞታል። ለእሷ ማብሪያ ተጭኖ ሙቅ ውሃ ማግኘት «ዘመናዊነት» አይደለም። አንድ ሰው ደግሞ በተራው ለእሷ ውሃ አሞቀላት ማለት ነው። ያ ሰው ጆበርግ ያለው ልጇ ነው።

ስለዚህ ቦይለሩ ማንጠባጠብ ሲጀምር ቤቱ ታወከ።

በሁለተኛው ሳምንት መሆኑ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ቧንቧ ላይ ከተገጠመች ትንሽ ነገር ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። ሴራሚኩ ይረጥባል። አዲስ ዕቃ እንዴት ያፈሳል? ተሸወድን? የቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ልጁ ትሁት ነው፣ ቀልጣፋም ነው። ያቺን ትንሽ ነገር ፈታ፣ በምትኩ ተራ ማገናኛ አስገባ፣ ጠብታው ቆመ። የፈታትን መዳፋችን ላይ አስቀምጦ «ይቺ ትርፍ ዕቃ ናት፣ አስቀምጧት» አለን። መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥናት። ሻይ አፍልተን፣ ሂሳቡን ከፍለን፣ መርቀን ሸኘነው።

ከወር በኋላ ውሃ ለቀናት ጠፋ። መቼም ውሃ መጥፋቱ ለጊምቢቹ ዜና አይደለም። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ቦይለሩም እንደ ልማዱ ማሞቁን ቀጠለ። እኛም ረሳነው።

እናታችን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቧንቧውን የምትከፍተው በጨርቅ ይዛ ነበር። ሻወር የምትገባውም የላስቲክ ጫማ አድርጋ ነው። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። አንድ ጠዋት ከሻወር ቤት የመውደቅ ድምፅ ሰማን። በሩን ገፍተን ስንገባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ጨርቁ ረጥቦ ነበር። ኤሌክትሪኩ ይዞ አላስቀራትም፤ ወርውሮ ለቀቃት። ተመስገን ከማለት ሌላ ምን ይባላል!

«እማዬ፣ ይነዝርሽ ነበር እንዴ?» አልናት።

«ከሰነበተ ቆየ» አለችን። «የመብራት ነገር መቼም መንዘሩ አይቀርም ብዬ እኮ ነው። ልጄ በስንት ድካም የላከውን ዕቃ ተበላሸ ልበለው?»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይኼ መልስ ነው። ለሳምንታት ሞትን በጨርቅ እየያዘች ታጥባ የወጣችው፣ ልጇ እንዳይከፋው ብላ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የእኛው ደግሞ እያሞቀ ነው።

ያቺ «ትርፍ ዕቃ»

ከሆሳዕና ያስመጣነው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቦይለሩን ሲፈታው የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አሳየን። አንድም የተለየ ተአምር የለውም። ሁሉም የጀመረው ያን ጠብታ ባቆምንበት ቀን ነው።

ውሃ ሲሞቅ ይለጠጣል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ ሦስት አራተኛ ሊትር ገደማ ይጨምራል። ያ ትርፍ ውሃ የታሸገ በርሜል ውስጥ መሄጃ የለውም። መውጫው ሴፍቲ ቫልቭ የምትባለው ያቺ ትንሽ ዕቃ ናት። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ትከፈትና ጠብ ጠብ ታደርገዋለች። ስለዚህ ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ቫልቯ ብታንጠባጥብ ብልሽት አይደለም። ሥራዋን እየሠራች ነው! (ሳይሞቅም ቀኑን ሙሉ የምታፈስ ከሆነ ግን ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል ወይ ቫልቯ አርጅታለች። ያኔ ትቀየራለች እንጂ አትደፈንም።)

ይቺው ቫልቭ ሁለተኛ ሥራ አላት። እኛ አገር ደግሞ ዋናው ይኼኛው ሳይሆን አይቀርም። ውሃ ወደ ቦይለሩ እንዲገባ ትፈቅዳለች፣ ወደ ኋላ እንዲመለስ ግን አትፈቅድም። አውሮፓ ውስጥ ውሃ ሃያ አራት ሰዓት ስላለ ይህ ብዙም አይታሰብም ይሆናል። እዚህ ግን ውሃ ይሄዳል። መስመሩ ባዶ ሲሆን፣ ቫልቭ የሌለው ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ በመጣበት ቧንቧ ይመለሳል። በርሜሉ ይደርቃል። ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። ውስጥ ያለው ሬዚስታንስ ያለ ውሃ ይግላል፣ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። የእኛም የሆነው ይህ ነው። ውሃው ሲመለስ ኤሌክትሪኩ በስንጥቁ በኩል ውሃውን ነካ።

ይህም ሆኖ እናታችንን መንካት አልነበረበትም። ኤርዝ ቢኖር ኖሮ የፈሰሰው ኤሌክትሪክ በሰው ሳይሆን በሽቦው ወደ መሬት ይወርድ ነበር። ቤታችን ባለ አረንጓዴና ቢጫ መስመሯ ሽቦ ከቦይለሩ ተነሥታ እስከ ቆርቆሮው ሥር ሄዳለች። እዚያ ተጠቅልላ ቀርታለች። ወደ መሬት የገባ ዘንግ የለም። ጉድጓድ የለም። ሽቦዋ ለጌጥ ነበረች።

እንግዲህ ቆጥራችሁ ያዙልን። ቫልቯ ብትኖር ቦይለሩ አይደርቅም ነበር። ቦይለሩ ባይደርቅ ሬዚስታንሱ አይሰነጠቅም። ቢሰነጠቅ እንኳ ኤርዝ ቢኖር እናታችን አትነዘርም። በመካከል የጎደለው ከቦይለሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት የሆነ ዕቃ ነው። አንዱማ ካርቶኑ ውስጥ አብሮ መጥቶ መሳቢያችን ውስጥ ተኝቷል!

ከነዝር የባሰም አለ

«ቀጥታ አድርግልኝ» የሚባል ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ ቮልት ይወርዳል። በ220 ቮልት 1,500 ዋት የሚሰጥ ሬዚስታንስ በ180 ቮልት የሚሰጠው ወደ 1,000 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ተኩል ይሞቅ የነበረው 50 ሊትር ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ባለቤቱ ይህን አያውቅም፤ «ቦይለሩ ደከመ» ይላል። ጠጋኙ መጥቶ ሙቀቱ ሲደርስ የሚቆርጠውን ቴርሞስታት አልፎ ሽቦውን ቀጥታ ያገናኘዋል። አሁን በጣም ይሞቃል። ችግሩ ማቆሚያ የለውም።

ቴርሞስታቱ የታለፈ፣ ቫልቩ የተደፈነ ቦይለር ምን እንደሚያደርግ ዓለም በውድ ዋጋ ተምሯል። በፈረንጆች ጥር 1982 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ስፔንሰር በምትባል ከተማ፣ ስታር በተባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ አጠገብ የነበረ የውሃ ማሞቂያ ፈነዳ። ስድስት ሕፃናትና አንዲት መምህርት ሞቱ። ማሞቂያው ከልክ በላይ ሲግል ሊያስቆሙት የሚገባቸው መከላከያዎች ሥራቸውን አልሠሩም። ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው። በግፊት የታፈነ ውሃ መፍያውን አልፎም ውሃ እንደሆነ ይቆያል። በርሜሉ ሲቀደድ ግን ግፊቱ ስለሚለቀው ከፊሉ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎት የሆነች አንዲት ሊትር ውሃ 1,600 ሊትር ገደማ ቦታ ትፈልጋለች። ያን ቦታ የምታገኘው ግድግዳውን ገፍታ ነው።

ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ጊምቢቹ ውስጥ ቦይለር ፈነዳ ሲባል አልሰማንም። ነገር ግን «ደፍነው» እና «ቀጥታ አድርገው» የሚሉት ሁለት ቃላት በአንድ ቤት ከተገናኙ የሚሆነውን ማወቅ ይሻላል።

ጥፋቱ የማን ነው?

መጀመሪያ ያን ቧንቧ ሠራተኛ ረገምነው። ቆይተን ስናስበው ግን ፍርዱ ልክ አልመጣ አለን። ልጁ የተማረው ውሃ እንዳይፈስ ማድረግ ነው። እኛም የጠራነው ለዚያ ነው። ጠብታውን አቆመ። ኤሌክትሪክ አያገባውም። ቀድሞ ሽቦውን የዘረጋው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ «የእኔ ሥራ ሶኬቱ ድረስ ነው፤ ቦይለሩ የቧንቧ ነው» ባይ ነው። ሻጩ ሸጦ ጨርሷል። መብራት ኃይል ኃላፊነቱ ቆጣሪው ድረስ ነው።

ቦይለር ማለት ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ በርሜል የሚኖሩበት ዕቃ ነው። ሙያዎቻችን ግን ለየብቻ ይኖራሉ። ስለዚህ ቦይለራችን በሁለት ሙያ መካከል ባለው ክፍተት ወደቀ። እናታችንም አብራው።

ወንድማችን በመጨረሻ ሲነገረው (ነገርነው፣ አለቀሰ) አንድ ነገር አለን። «እዚህ ጊዘር ነው የሚሉት። ተከራይቼ በምኖርበት ቤት ሲቀየር አይቻለሁ። ከሥሩ የጠብታ መቀበያ ትሪ አለው። የኤሌክትሪኩ ሥራ ደግሞ ያለ ሰርተፍኬት አይሆንም፤ ወረቀት ይፈረምበታል።» እውነቱን ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ ሥራ ደረጃውን ማሟላቱን የሚመሰክር ሰርተፍኬት በሕግ ይጠየቃል። ጊዘር ለመትከልም ራሱን የቻለ ደረጃ አላቸው። እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱ። የእኛ ሰዎች ብሩን ከዚያ ይልካሉ፣ የቤቱን ፕላን ከዚያ ይልካሉ፣ የሴራሚኩን ቀለም እንኳ በፎቶ ይመርጣሉ። በየቀኑ የሚያዩትን ያንን የተፈረመ ወረቀት ግን የላከ የለም።

«ቦይለር የቅንጦት ነገር ነው፤ ውሃ እንኳ በወጉ በማይመጣበት ከተማ ስለ ቦይለር ትጽፋላችሁ?» የሚለን ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሳችን ግን ይኼው ነው፤ ቦይለሩ መጥቷል። አዲስ በሚሠሩት ቤቶች፣ በየፔንሲዮኑ፣ በየግል ክሊኒኩ አለ። ከተማው ባደገ ቁጥር ይበዛል። ውሃ መቆራረጡና ቮልት መዋዠቁ ደግሞ ቦይለሩን አደገኛ የሚያደርጉት ነገሮች ናቸው እንጂ ስለ እሱ ዝም የምንልባቸው ምክንያቶች አይደሉም።

ደግሞስ አገራችን ስለ ኤሌክትሪክ መቼ አጥታ ታውቃለች? ሶሮን በምዕራብ የሚያዋስናት ኦሞ ወንዝ ነው። በዚያው ወንዝ ወደ ታች ወረድ ብሎ 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 3 ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ እኛም እንደሌላው ሰው ደስ ብሎን ጨፍረናል። አሁን የቀረን ከግድቡ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነገር ነው። ኤሌክትሪኩ ሻወር ቤት ሲደርስ ወደ መሬት የምትወርድ የጥቂት ሜትር ሽቦ!

ምን ይደረግ?

ከትልቁ እንጀምር። ሆሳዕና ያለው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና ሌሎች የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ቧንቧና ኤሌክትሪክ ያስተምራሉ። ለሁለቱም ሠልጣኞች የጥቂት ቀን የጋራ ሥልጠና ስለ ቦይለር ብቻ ቢሰጥ፣ በብቃት ምዘናውም (በሲኦሲው) ቢካተት፣ ያ ክፍተት ይደፈናል። መደፈን ያለበት እሱ ነው፤ ቫልቩ አይደለም።

ሻጮች፣ ቫልቯን ከካርቶኑ አውጥታችሁ ለገዢው በእጁ ስጡና «ይቺ ታንጠባጥባለች፣ እንዳትደፍናት» በሉት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው ያተርፋል።

የፔንሲዮንና የኪራይ ቤት ባለቤቶች፣ አልጋ ልብስ እንደምትቀይሩት ሁሉ ቦይለሩን በዓመት አንድ ጊዜ አስፈትሹ። እንግዳው ደክሞት ነው የሚገባው፤ እጁን ዘርግቶ የሚከፍተው አምኗችሁ ነው።

ተከራዮችና የቤት ልጆች (እኛው ማለት ነው)፣ ሦስት ጥያቄ እንልመድ። ኤርዙ የት ነው የተቀበረው? ቫልቩ የታለ? ብሬከሩ ለብቻው ነው? ኤርዙ «ጀርባ ነው» ከተባለ ሄደን እንየው። ከሰልና ጨው ጨምሮ መቅበር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በበጋ አፈሩ ሲደርቅ አቅሙ ይቀንሳል፣ ጨውም ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ በየጊዜው በመለኪያ መፈተሽ አለበት። ሽቦው ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የአምፖል መስመር ቦይለር አይችልም። ከተቻለ ደግሞ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው ኤርዝ ሊኬጅ ብሬከር ይገጠም። እሱ ቢኖር እናታችን ከመውደቋ በፊት መብራቱ ይጠፋ ነበር።

የዓመት ጥገናው እንዲህ ነው። ብሬከሩ ይወርዳል፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የውሃ መግቢያው ይዘጋል፣ ውሃው ቀዝቅዞ ይቀዳል። ከሥር ያለው ክዳን ተፈትቶ ሬዚስታንሱ ይወጣል። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ይጸዳል። (የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ ተመልከቱ፤ እዚያ ያለው ቦይለሩም ውስጥ አለ።) አብራው ያለች የማግኒዥየም ዘንግ አለች፤ በርሜሉን ከዝገት የምታድነው እሷ በምትኩ እየተበላች ነው። ከሳሳች ትቀየራለች። ማሸጊያ ጎማውም እንዲሁ። ሲመለስ መጀመሪያ ውሃ ይሞላል፣ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ተከፍቶ ውሃ ሳያቋርጥ ሲፈስ ይታያል። ብሬከሩ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ሬዚስታንሱ በደረቁ ይቃጠላል። ቴርሞስታቱ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ለብ ብሎ ከተቀመጠ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይመቸዋል። 60 ዲግሪ ቆዳ ስለሚልጥ ግን ለልጅና ለአረጋዊ ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ይበረድ። ውሃ ሲጠፋ ማብሪያውን አጥፉ። መብራት ሄዶ ሲመጣም ረጋ እስኪል ጠብቁ።

ከሁሉም በላይ ግን ትንሽም ብትሆን ከነዘረ «የመብራት ነገር ነው» አይባልም። ብሬከሩ ይወርዳል፣ ባለሙያ ይጠራል። ጨርቅና የላስቲክ ጫማ ጥገና አይደሉም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ባሕር ማዶ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። «ይሠራል?» ብላችሁ አትጠይቁን። እኛ «አዎ» እንላለን፤ እናቶቻችንም «አዎ» ይላሉ፤ እንዳይከፋችሁ። «መቼ ተፈተሸ? ማን ፈተሸው?» በሉን። ቤት ስታሠሩ ለሴራሚኩ ከምትልኩት ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ለኤርዝ ላኩ። በያሆዴ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ሴራሚኩን ሁሉም ያያል፤ ኤርዙን የሚያየው የለም። እሱን የምታዩ እናንተ ሁኑልን።

አሁን ቦይለራችን አዲስ ሬዚስታንስ፣ የተቀበረ ኤርዝና ከመሳቢያ የወጣች ቫልቭ አለው። ቫልቯ ታንጠባጥባለች። እናታችን ከሥሯ ጣሳ አስቀምጣ ትሰበስበውና ማታ ማታ ደጃፍ ያለውን ጤና አዳም ታጠጣበታለች። ባለፈው ጎረቤት መጥታ «ውይ፣ ይሄ ነገር ያፈሳል እኮ! ሠራተኛ ላምጣላችሁ?» አለች።

«ተዪው» አለቻት እናታችን። «ያንጠባጥብ።»

ቸር ሰንብቱ።